መብራቱን ያበራንበት ክረምት

ኖቬምበር 24፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣች። ወጣች ማለትም አይቻልም፤ ከባሕሩ ጫፍ ግንባሯን ብቻ አሳይታ ተመለሰች። እስከ ጃንዋሪ አናያትም። ሚስቴ ዮርዲስ በሕይወት ሳለች በዚህ ቀን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው እጇን ታውለበልብላት ነበር። እኔም ዛሬ ቆምኩ። እጄን ግን አላነሣሁም። ሰው ቢያየኝስ?

ከጸሎት ቤት በኋላ የደሴቲቱ ማኅበር ተሰበሰበ። ሱቁንም ማኅበሩንም የያዘችው ሶልቫር ከአውራጃው የሰማችውን ነገረችን። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ፈጣኗ ጀልባ በክረምት በደሴታችን በቴርኖያ አትቆምም፤ በበጋ ብቻ። «በሞተው ወቅት ተጓዥ የለም» ብለዋል። የሚወስኑት በማርች ነው።

የሞተው ወቅት! ትልቁ ዓሣ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣው በጃንዋሪ አይደለም እንዴ? አባቴ ቤት የሠራው፣ እኛንም ያሳደገን በክረምት ባወጣው ዓሣ ነው። በበጋ ምን አለ? ትንኝ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውም። የሞተ ወቅት ካለ እሱ በጋ ነው።

ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ድምፄም ሳላስበው ከፍ አለ። ሶልቫር ወዲያው «እንግዲያው አንተው ጻፈው» አለችኝ። ሰው በክረምት ወደ ቴርኖያ ለምን ይመጣል የሚለውን፣ ለማኅበሩ ድረ ገጽ። የእንግዳ ክፍል ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው፤ ዮርዲስ ያሰናዳቻቸው ሁለቱ የላይ ክፍሎች። እኔ ሰባት ዓመት ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ አልኩ።

«ለመዋሸት ሰባት ዓመት ይበቃል» አለ ኮሬ ከኋላ። ኮሬ ጎረቤቴ ነው፤ ሚስት አላገባም፣ ጀልባውን አግብቷል። «እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ኑ፣ የሚታይ ነገር የለም፤ ቢኖርም ጨለማ ነውና አይታይም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ነው የተናደድኩት።

ጀልባዋ ከቀረች ነገሩ ግልጽ ነው። ሐኪሙም መድኃኒት ቤቱም ማዶ ነው። ሽማግሌው ሁሉ ተራ በተራ ይነሣል፣ መጀመሪያ የሚያነሡት ደግሞ እኔን ነው። ልጄ ቶሩን ከተማ ያለው ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ መጋረጃ ሳይቀር። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ጥሩ ልጅ ናት፣ እግዚአብሔር ይባርካት። ግን አልሄድም።

ኖቬምበር 28

የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር፦ «በክረምት ወደ ቴርኖያ የመጣ ሰው ሌሊት ሰማዩን የሚያቀልመውን የሰሜን ብርሃን ያያል።» ሰረዝኩት። ደመና ከሆነስ? የሰማዩ ጌታ እኔ አይደለሁም።

ሁለተኛው፦ «እዚህ ጸጥታ አለ።» ይህን ስጽፍ ነፋሱ የጎተራውን በር እየደበደበ ነበር። ሰረዝኩት።

የላይኞቹን ክፍሎች ማሞቅ ጀመርኩ፣ እንግዳ ባይኖርም። ደረጃው ዘንድሮ ረዝሟል።

ዲሴምበር 3

ቶሩን ደወለች።

«አባዬ፣ ጀልባዋ ከቀረች ትመጣለህ አይደል?»

«ከቀረች ነዋ።»

«ባትቀርስ?»

«ባትቀርማ ምን ያመጣኛል?»

ከዚያ «መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አሁንም መብራት ታበራለህ?» አለችኝ።

«ለዓሣ አጥማጆቹ ነው።»

«አባዬ፣ ያ መስኮት እኮ የሚያየው መቃብሩን ነው እንጂ ባሕሩን አይደለም።»

ማታ ማታ ይህች ልጅ ሰውን ታደክማለች። በዚያም በኩል የሚያልፍ ሰው አይጠፋም አልኳት።

ዲሴምበር 11

ከደቡብ ተደወለ! ሴት ናት፣ ቪግዲስ ትባላለች፤ ቁጥሬን ማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ አግኝታ ነው።

«ጨለማ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

ለስለስ አድርጌ ልነግራት ፈልጌ ነበር። አቃተኝ። «እመቤቴ፣ ቀትር ላይ ትንሽ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ያበቃል» አልኳት።

«ሙሉ በሙሉ ጨለማ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«ጥሩ። በጃንዋሪ እመጣለሁ።»

ለኮሬ ነገርኩት። «ፖሊስ የሚፈልጋት ትሆናለች» አለ።

ዲሴምበር 24

የልደት ዋዜማ። ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ሞልቶ ስል ማንም አልቀረም ማለቴ ነው። ለራት ሁለት ሳህን አወጣሁ። አንዱን መለስኩት። ከዚያ ደግሜ አወጣሁትና ኮሬን ጠራሁት። በልቶ ሲጨርስ «ዮርዲስ ጨው ታሳንስ ነበር፣ አንተ ታበዛለህ። ደህና የነበራችሁት ሁለት ስትሆኑ ነው» አለኝ።

ሳህኖቹን አነሣሁ።

ጃንዋሪ 10

ቪግዲስ ገባች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ በዳቦ መጋገሪያ ሌሊት ሌሊት የምትሠራ። ሻንጣዋን ላይ ላወጣላት ስል ደረጃው መሃል ቆም ብዬ ስለ ቤቱ ዕድሜ ነገርኳት፣ ትንፋሼ እስኪመለስ። አላወቀችብኝም።

ጃንዋሪ 11

ቁርስ አልወረደችም። ምሳም። የሰሜን ብርሃን ወጣ፤ አረንጓዴው ሰማዩን ሞላው። ሮጬ አንኳኳሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልተኛ» አለች ከውስጥ።

ጃንዋሪ 12

አሁንም ተኝታለች። ኮሬ በመስኮት አጎንብሶ «ገደልካት እንዴ? በጽሑፉ ላይ እሱንም አስገባው» አለኝ። በሯ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ታንኮራፋለች። ተመስገን።

ጃንዋሪ 13፣ ማታ

ዛሬ ወረደች። ፊቷ ትራስ ታትሞበታል፤ ልጅ መስላለች። ኮሬ ያመጣውን ትኩስ ዓሣ ከጉበቱና ከእንቁላሉ ጋር ቀቅዬ አቀረብኩላት። ጠራርጋ በላች። ስትጨርስ «ለዓመታት እንዲህ አልተኛሁም» አለች። «ከተማ ውስጥ ቀን ቀን መተኛት አለብኝ። መጋረጃ ዘጋሁ፣ ዓይኔን በጨርቅ አሰርኩ፤ ብርሃኑ ግን ይገባል። እዚህ ማንም ‹ተነሺ፣ ቀን ነው› የሚለኝ የለም።»

እኔ ለዚህች ሴት ሰማይ ላሳያት ስሮጥ ነበር። እሷ የመጣችው ዓይኗን ልትከድን ነው።

ማምሻውን ሶልቫር መጣች፣ ቀጥሎ ኮሬ፣ ቀጥሎ የጸሎት ቤቱ አስተናጋጅ ከነሚስቱ። እስከ እኩለ ሌሊት ተወራ። በበጋ ቢሆን ማናችንም ለእንግዳ ጊዜ አይኖረንም ነበር፤ ሣር ይታጨዳል፣ ቤት ይቀባል፣ ጀልባ ይጠገናል። በክረምት ግን ደሴቲቱ በሙሉ ቁጭ ብላ ሰው ትጠብቃለች።

ይህን ልጽፈው ይገባል። «በክረምት ጊዜ አለን።» አልሰረዝኩትም።

ጃንዋሪ 16

ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ቪግዲስ ዛሬ መሄጃዋ ነበር። የሚወርድ ሰው ካልያዘች፣ በክረምት ጀልባዋ የምትቆመው ወደቡ ጫፍ ያለው ቢጫ መብራት ሲበራ ብቻ ነው፤ የሚሳፈር ሰው አብርቶ ይጠብቃል። ላበራላት ቀድሜ ወረድኩ። ማዕበሉ ወደቡን እየዘለለ ነበር። መሪውን የያዘው ሲግቫርት ገና ወጣት ነው፣ ባለፈው ሳምንት ልጅ ወልዷል። በዚህ ውኃ ለአንዲት ሴትና ለአንድ ሻንጣ ላስጨንቀው? ነገም ቀን ነው ብዬ ተውኩት።

እሷ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትደርስ ጀልባዋ በፊታችን አለፈች።

«ለምን አልቆመችም?»

«አላበራሁም።»

«ለምን?»

«ባሕሩ ከፍቷል። ሲግቫርትን እንዳናስቸግረው ብዬ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ እኮ ተሳፋሪ ነኝ! እርስዎ ለተሳፋሪዋ ሳይሆን ለጀልባዋ አዘኑ?»

ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ተመልሳ ተኛች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አፈርኩ። ዮርዲስም «ሰው አናስቸግር» ትል ነበር። ሁላችንም እንላለን። ልብስ መልበስ ሳንችል የተማርነው ነገር ነው።

ጃንዋሪ 18

ከትናንት ጀምሮ ማዕበል። ጀልባ የለም። ቪግዲስ ዱቄት የት እንዳለ ጠየቀችኝ።

ጃንዋሪ 20፣ ማታ

ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ፀሐይ ዛሬ ተመለሰች። ቪግዲስ በማለዳ ተነሥታ ፀሐይ ስትመለስ የሚበላውን፣ መሃሉ ማርማላታ ያለበትን የፀሐይ ዳቦ ለደሴቲቱ ሁሉ ጋገረች። እኔም አበራሁ፤ ጀልባዋ ገባች። ሲግቫርት ገመዱን እየወረወረ ጮኸ፦

«አባባ ኤድሙንድ! ሰሞኑን ሻንጣ የያዘች ሴት ቆማ አየሁ፣ መብራት ግን የለም። ምን ሆናችሁ ነው?»

«እንዳናስቸግርህ ብለን ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከእኔ ሰማሁ እንዳትል። ጽሕፈት ቤቱ የሚቆጥረው መብራቱን ነው። ሲበራ በመሣሪያው ይመዘገባል። ካልበራ፣ ያን ቀን ቴርኖያ ላይ ማንም አልፈለገንም ማለት ነው። እናንተ ተጠባብቃችሁ፣ የአሥሩን ሰው ጉዳይ ለአንድ ሰው አሸክማችሁ ትልካላችሁ። ወይ ኮሬ በራሱ ጀልባ ያደርሳችኋል። እነሱ ‹ሕዝቡ አያስፈልገውም› ይላሉ። መቼም እኔ አስቸገሩኝ ብዬ አላውቅ!»

ቆሜ ቀረሁ። በገዛ ጨዋነታችን ጀልባችንን እየገደልናት ነበር።

ቪግዲስ ተሳፈረች። ሲግቫርት ገመዱን ሊፈታ ሲል «ቆይ» አልኩና እኔም ገባሁ። ጓንት እንኳ አልያዝኩም።

«ወዴት ነህ አባባ?»

«ማዶ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልመለስ።»

ቪግዲስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። መሃል ባሕር ላይ ስንደርስ ፀሐይ ብቅ አለች። ሦስታችንም ዳቦ በላን። እጄን አነሣሁና አውለበለብኩላት። ሰው አየኝ። ይየኝ።

ጃንዋሪ 21

እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩ ውሸት ነው ወይስ አይደለም? መብራትም እንደ ቃል ነው፤ ሲበራ «ሰው አለ» ይላል። ሰው ሳይኖር ማብራት ሐሰት ነው። ነገር ግን እኔ ካለሁ? አብርቼ ከተሳፈርኩ፣ መንገደኛ ነኝ። ጉዳይህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ጉዳዬም አለኝ፤ ጉዳዬ ጀልባዋ ራሷ ናት።

ተንበርክኬ ጠየቅሁ። መልስ አልሰማሁም፤ የሚከለክለኝም አልሰማሁም። ልቤ ይመታል። ያልፋል።

ጃንዋሪ 24

ለማኅበሩ ተናገርኩ። ሶልቫር ገና ሳልጨርስ ካፖርቷን ለበሰች፤ መድኃኒቷን የምታመጣበት ቀን ለሁለት ሳምንት አስተላልፋው ነበር። የአስተናጋጁ ሚስት እህቷን ከልደት ወዲህ አላየቻትም። ሁሉም ያስተላለፈው ነገር አለው! ጥርስ ያመመው፣ መነጽር የተሰበረበት። እኔ ምንም የለኝም፣ ደህና ነኝ አልኩ።

ኮሬ ግን ተነሣ። «እኔ ሳያስፈልገኝ መብራት አላበራም። አባቴ በዕድሜው አንዴ ነው ያበራው፣ እሱም እናቴን ምጥ ሲይዛት። እናንተ መጫወቻ አደረጋችሁት።»

«መጫወቻ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው? ሽርሽር! ማዶ ደርሶ መመለስ! ደሴት ጠባቂ ወይስ ባሕር ወፍ ነህ?»

«ባሕር ወፍማ በክረምት ይሄዳል። እኔ አልሄድም።»

በሩን ወርውሮ ወጣ።

ፌብርዋሪ 6

ዛሬም በርቷል። ሶልቫርና ሁለት ሴቶች ሹራባቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ሲግቫርት «ጸሎት ቤቱ ወደ ጀልባዬ ተዛወረ» ይላል። የልጁን ፎቶ አሳየን። የእግሩን ልክ ጠየቅነው፤ ካልሲ ተጀምሮለታል።

ሁለት እንግዶች ነገ ይመጣሉ። ቪግዲስ ነግራቸው ነው። ባልና ሚስት መምህራን፣ ዝም ብለው መቀመጥ ይፈልጋሉ አሉ። ዝም ብሎ መቀመጥ እኛ ጋ ሞልቷል።

ኮሬ በመንገድ ሲያየኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «መንገደኛ ሆይ!» አለ።

ፌብርዋሪ 10

መምህራኑ የዓሣ ማድረቂያ መስቀያው ሥር ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ራስ የሌላቸው ዓሦች በነፋስ ሲጋጩ እንደ እንጨት ይንኳኳሉ። ባልየው «ይህን ድምፅ የትም ሰምቼው አላውቅም» አለ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ስሰማው ነበር፤ ዛሬ ግን ሰማሁት።

ለጽሑፉ።

ፌብርዋሪ 15

ቶሩን። ስለ ትንፋሼ ማን ነገራት? ሶልቫር ናት።

«ሐኪም ጋ ሂድ። በየቀኑ ማዶ ትደርስ የለም እንዴ!»

«ለሰው እንጂ ለእኔ አይደለም። ያልፋል።»

«አባዬ፣ እማማም ‹ያልፋል፣ ሰው አናስቸግር› ብላ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ። አንተም…»

ከዚያ አልቀጠለችም። እኔም እዚህ ላይ አልቀጥልም።

ዛሬ የመኝታ ቤቱን መብራት ሁለት ጊዜ ነው ያበራሁት፤ አንዴ ነፋሱ አጠፋው መሰለኝ። ኤሌክትሪክ በነፋስ አይጠፋም።

ፌብርዋሪ 23፣ ከተማ፣ ሆስፒታል

እርሳስ ተውሼ ነው የምጽፈው።

ወደዚህ ያመጡኝ ቀን ክፉ ማዕበል ነበር፤ ላበራ አልወጣሁም። እንጨት ልይዝ ወጥቼ ጎተራው ጋ ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። ኮሬ መረቡን ይዞ ሲያልፍ አየኝ።

«ምነው? ጀልባ አመለጠህ?»

«ትንሽ ዐረፍ ልል ነው።»

ቀረበኝ። ፊቴን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ያልፋል» አልኩት። «በዚህ ማዕበል ሰው አናስቸግር።»

«ዝም በል!» አለኝ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ጮሆብኝ አያውቅም። «አንድ ጊዜ ‹ያልፋል› ብላችሁ አይቻለሁ። ዝም በል አንተ ሰውዬ!» መረቡን መሬት ላይ ጣለው። ኮሬ መረብ ጥሎ አያውቅም። ወደ ወደቡ ሮጠ፤ ቢጫው ሲበራ ከጎተራው በር አየሁት።

ሲግቫርት ገባ። በዚያ ውኃ ገባ። እንዴት እንዳስጠጋት አልገባኝም፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው ይላሉ። ከኮሬ ጀርባ ላይ እኔን ሲቀበለኝ «አባባ፣ ዛሬ ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሐኪም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ።

ፌብርዋሪ 26

የተዘጋውን የልቤን ሥር ከፍተውታል። ወጣቱ ሐኪም ጥቂት ብዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነገረኝ። ቶሩን አጠገቤ ነበረች። እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ለእኔ ብቻ አልነበረም። አብሬያት አለቀስኩ።

ማርች 4፣ ቶሩን ቤት

መጋረጃው ያምራል። የመኪና ማቆሚያው ሌሊቱን ሙሉ ያበራል፤ ቪግዲስን አሰብኳት።

ጽሑፉን ጨረስኩ። ቶሩን ፊደሉን አስተካክላ ለሶልቫር ላከችው። እንዲህ ይላል፦

«በክረምት ወደ ቴርኖያ ኑ። የሞተ ወቅት የሚሉን አልመጡም፤ ዓሣው ግን ይመጣል። ፀሐይ የለችም፤ ስለዚህ ስትመለስ ምን እንደምትመስል የምናውቅ እኛ ነን። መተኛት ትችላላችሁ። ማዕበል ሊያቆያችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዱቄት አለ። በበጋ መልክዓ ምድሩን ታያላችሁ፤ በክረምት እኛን። አስቸገርን ብላችሁ አትፍሩ። እኛም መፍራት ትተናል።»

ማርች 12

ተወሰነ! ሶልቫር በስልክ እየጮኸች ነገረችኝ። ጀልባዋ በክረምትም ትቆማለች፣ «ለሁለት ዓመት ለሙከራ» ብለዋል። ለሙከራ? ግድ የለም፤ እኛም እንሞክራቸዋለን።

ቶሩን ሰምታ «ሻንጣህን ላሰናዳልህ?» አለች።

«አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ። ግን ሐኪሙ በወር አንዴ ይፈልግሃል። ማዶ ድረስ በጀልባ። በራስህ ጉዳይ፣ አባዬ። ማልልኝ።»

ማልኩላት። ከማልኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ማርች 15፣ ቤቴ

ማምሻውን ተመለስኩ። የሰማዩ ዳር ገና ሐምራዊ ነበር። ከሲግቫርት ጎን ቆሜ ቴርኖያን ጠበቅሁ፤ በጀልባዋ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚወርድ የለም። ዓለቱን ስንዞር ወደቡ ጫፍ ላይ ቢጫው በርቷል።

«ማን ሊሳፈር ነው?» አልኩት።

ሲግቫርት ዓይኑን አጠበበ። «እኔ እንጃ።»

ተጠጋን። መብራቱ ሥር ኮሬ ቆሟል፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ፤ ሻንጣ የለው፣ ጓንት የለው።

«ወዴት ነህ ኮሬ?» ብሎ ጮኸ ሲግቫርት።

«የትም።»

«ታዲያ ለምን አበራህ? የሚወርድ ሰው ሲኖር እኮ ሳይበራም እቆማለሁ!»

«አውቃለሁ» አለ ኮሬ፣ ገመዱንም ተቀበለው።